አፈ ማር ስለ አንዲት ወንበር መንገድ የተሻገረችበት ዜና

በዘመነ አንጸባራቂ ማብቂያ፣ የሴቶች ከንፈር ሁሉ ዘይት እንደ ጠጣ ማብረቅረቁን ትቶ እንደ ጡብ መደብዘዝ በጀመረበት፣ ዘመነ ደብዛዛ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፤ የመደብራችን አየር ማቀዝቀዣ ለመጨረሻ ጊዜ አቃስቶ ባረፈበት ወራት፤ እትዬ መስታወት በምድር ቤቱ ላይ በሙሉ ሥልጣን ሳሉ፤ የሊፕስቲክ ባንኮኒ እመቤት፣ የቀይ ሁሉ ዳኛ፣ ከንፈር አይታ ጠባይ የምትናገር፣ ደንበኛ ባዶ እጁን የማትሰድድ አፈ ማር የሠራችው ሥራ ይህ ነው። እኔም በዚያ መደብር ደጃፍ ቆሜ የሚገባውን ቦርሳ የምፈትሽ፣ የሚወጣውን በዓይኔ የምሸኝ የበሩ ጠባቂ፣ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትንም ካዩት ጠይቄ ጻፍሁት።

አፈ ማር የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞችዋ ናቸው። ማር መባልዋ ግን ስለምታቆላምጥ አልነበረም። አንዲት ሴት የማይሆናትን ቀለም አንሥታ እንዴት እንደ ሆነ የጠየቀቻት እንደ ሆነ፣ አፈ ማር ራስዋን ዘንበል፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ይሄ ትኩሳት የያዘሽ ያስመስልሻል፤ አስቀምጪው» ትላታለች፤ ሴቲቱም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም፤ ሌላ ቀለም ገዝታ ትሄዳለች፤ በማግሥቱም እህትዋን አስከትላ ትመጣለች።

ሠራዊትዋም ይህ ነበረ፦ በፊተኛው ረድፍ የበሰለ ቲማቲም፣ ጡብማ፣ ወይን ጠጅና ሮዝ፤ በሁለተኛው ረድፍ ከሮዝ ለጥቂት ያመለጠና ከቡናማ ያልደረሰ፣ ስሙን አምራቹም እርስዋም የማያውቁት፤ በስተኋላ ደጀን ሆነው የቆሙ፣ ማንም ገዝቷቸው የማያውቅ ሰማያዊና አረንጓዴ፤ በጎንም ጥጥ፣ ብሩሽ፣ የእጅ መስታወትና ጫፉ የተነከሰ የኩል እርሳስ። በግራዋ የሽቶው ባንኮኒ ነበረ፤ በዚያም ላይ የልብ ጓደኛዋ እንጥሼ ተሹማ ነበር። ሽቶ በነፋች ቁጥር ታስነጥሳለችና እንጥሼ ተባለች፤ ሽቶ መሸጥ ዕጣዋ የሆነው በማን ጥበብ እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እትዬ መስታወት የምድር ቤቱ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ይህን ስም ያገኙት ፊታቸውን አዙረው ቆመው ሳሉ እንኳ በግድግዳው መስታወት ሁሉ ስለሚያዩ ነው፤ ማን እንዳዛጋ፣ ማን ስልኩን እንደ ነካካ፣ የማን ማስቲካ በየትኛው ጉንጭ እንደ ተደበቀ ያውቁ ነበር። ከሕጋቸውም ሁሉ የጸናው ሕግ እንዲህ የሚል አዋጅ ነበረ፦

«ወንበር የሚባል ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳላይ! ሻጭ ይቆማል። መቀመጥ ያማረው ቤቱ ሄዶ ይቀመጥ!»

ስለዚህ ሻጮቹ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ሻማ ቆመው ይቀልጡ ነበር። አፈ ማርም «ዕቃ ፍለጋ» የተባለውን የጦር ስልት ፈለሰፈች፤ ይኸውም ከባንኮኒው በታች ቁጢጥ ብሎ ያልጠፋ ዕቃ መፈለግ ነው። ዳሩ ግን እትዬ መስታወት «አሁንም አልተገኘም?» እያሉ ከተፍ ስለሚሉ ስልቱ ዕድሜ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ እግሮችዋ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጫማዋን በስውር አውልቃ በባዶ እግርዋ ቀዝቃዛውን ወለል ትረግጣለች፤ ከባንኮኒው በላይ ንግሥት ስትሆን ከባንኮኒው በታች ምርኮኛ ነበረች።

ወእምዝ ከመንገዱ ማዶ፣ ቀድሞ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሸጥበት በነበረው ቤት፣ አዲስ የውበት መደብር ተከፈተ። ግድግዳው ሁሉ ብርጭቆ ነው፤ መብራቱም በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ቦግ ብሎ ይውላል፤ እኔ በደጃፌ ቆሜ ጥላዬ በሁለት ወገን ሲወድቅ እመለከት ነበር። የዚያም ቤት ባለቤትና ገዢ ሳቂታዋ ትባል ነበር፤ ከንፈርዋ ከጥርስዋ ላይ ወርዶ ያየ ሰው የለምና።

በአንድ ቀትር ሳቂታዋ ራስዋ ደንበኛ መስላ ወደ ግዛታችን ገባች። ቦርሳዋን የፈተሽሁ እኔ ነኝ፤ ያማረ ቦርሳ ነበረ፤ ሽታውም የእኛ ቤት ሽታ አልነበረም። ቀጥ ብላም ወደ ሊፕስቲኩ ባንኮኒ ሄደች፤ ክርንዋንም አስደገፈች።

«የኔ ቆንጆ፣ ለኔ ምን ይሆነኛል?» አለች።

አፈ ማርም አየቻት፤ ወደ ብርሃኑ አዙራ ደግማ አየቻት።

«መጀመሪያ የቀባሽውን እናጥፋው። ከጥርስሽ ጋር ተጣልቷል።»

ሳቂታዋ ግን አልተቆጣችም፤ ይልቁንም ፈገግታዋ ሰፋ፤ የተጣሉትም ነገሮች የበለጠ ተጋለጡ። ጠጋ ብላም በሹክሹክታ አዋጅዋን ተናገረች።

«ማዶ ያለው ቤት የኔ ነው። እኛ ጋ ነይ። ‹የውበት አማካሪ› ትባያለሽ፣ ነጭ ጋዋን ትለብሻለሽ። ደመወዙ ከዚህ ብዙም አይለይም፣ አልዋሽሽም። ግን ወንበር አለን።»

«ምን አላችሁ?»

«ወንበር። የሚሽከረከር። እስከ ቅዳሜ አስቢበት።»

ይህ ቃል በምድር ቤታችን ከተነገረ ዘመን አልፎት ነበርና አፈ ማር ግራ ቀኝ አየች፤ እንደ ተፈራውም ከወዲያኛው ጥግ የእትዬ መስታወት ዓይን በመስታወት ውስጥ ብልጭ አለ። ሳቂታዋም አንድ ማስካራ ለይምሰል ገዝታ ወጣች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፈ ማር ዕረፍት አጣች። ልሂድ ስትል እንጥሼ ትታወሳታለች፤ ምሳ አብረው የሚበሉ፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት የሚይዙ ናቸውና፤ ልቅር ስትል ትንሹ የእግርዋ ጣት ከጫማው ውስጥ ሆኖ አቤቱታ ያሰማል፤ ልሂድ ስትል የደንበኞችዋ ፊት ይመጣባታል፤ ልቅር ስትል ያ የሚሽከረከር ነገር በዓይነ ሕሊናዋ ዞር ይላል። ነገሩን ለእንጥሼ ልትነግራት አፍዋን በከፈተች ቁጥር እንጥሼ ታስነጥሳለች፤ «ይማርሽ» ትላታለች፣ መሐረብ ትሰጣታለች፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

በዚያም ምሽት በቤትዋ ጉባኤ ተጠራ። በጉባኤውም የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት መኪና ላይ ያሳለፉት፣ ወገባቸውን የሚያማቸው እናትዋ፤ እንዲሁም ጎማ ሲጠግን ቁጢጥ ብሎ የሚውል፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ስለ ሁሉም ነገር ሁለት አሳብ ያለው ጎሚስታው ወንድምዋ። እርስዋም እግርዋን በሞቀ ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ እንደ ዙፋን በተዘጋጀላት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነገሩን አስረዳች።

«እማዬ፣ ወንበር አላቸው እኮ!»

«ወንበር ወንበር አትበይኝ!» አሉ እናትዋ። «እኔ ወገቤን የጨረስኩት ወንበር ላይ ነው። ይልቅ ሽንት ቤቱ እንዴት ነው?»

«አላየሁትም።»

«ሽንት ቤቱን ሳታዪ ነው ሥራ የምትቀይሪው? ጉድ እኮ ነው!»

ወንድምዋም እጁን ከግሪስ ሳያጠራ ብድግ ብሎ ፍርዱን ሰጠ።

«እማዬ ልክ ናት። አንቺም ልክ ነሽ። እትዬ መስታወትም፣ ከልባችን ከተነጋገርን፣ ልክ ናቸው።»

«አንተ ደግሞ፣ ከማን ወገን ነህ?» አለችው።

«ቆይ አስጨርሺኛ። ሰው ጎማውን ይዞ ሲመጣ ‹ደህና ነው፣ ትንሽ ንፋስ ብቻ ሙላልኝ› ይለኛል። እኔ ግን ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋውን ካላየሁ አላምንም። ሄደሽ ንከሪው።»

ወሰሚዓ ዘንተ፣ አፈ ማር ወደ ማዶው ምድር በስውር ትዘምት ዘንድ ቆረጠች።

በዕረፍትዋም ቀን የወንድምዋን ጥቁር መነጽር ሰክታ፣ የእናትዋን ሰፊ ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተነሣች። እኔ ከደጃፌ ሆኜ ስትመጣ አየኋት፤ በአካሄድዋም ወዲያው ለየኋት፤ እግርዋን የሚያማት ሰው መሬቱን የሚረግጠው ይቅርታ እየጠየቀ ነውና። ነገር ግን ያላየሁ መስዬ ሰማዩን ተመለከትሁ። እርስዋም በመንገዱ ዳር ቆማ የአውቶቡሶችን ጭፍራ አሳልፋ፣ አንዱን ብስክሌት በእጅዋ አስቁማ፣ በዝናብ ውሃ የሞላውን ጉድጓድ ዘልላ፣ የሻርፑን ጫፍ ግን በጭቃው ነክራ ተሻገረች።

የብርጭቆው በር በራሱ ተከፈተላት፤ ወዲያውም የቤቱ ሻጮች ሁሉ ነጭ ጋዋን ለብሰው በአንድ ድምፅ ጮኹ።

«እንኳን ወደ ውበትዎ በደህና መጡ!»

አፈ ማር ከድንጋጤ ብዛት ልትመለስ ነበር፤ ነገር ግን የእናትዋ ትእዛዝ በጆሮዋ ነበረና በመጀመሪያ ሽንት ቤቱን ጠየቀች። ተቆልፎ አገኘችው፤ ቁልፉ ሳቂታዋ ዘንድ መሆኑን፣ ሳቂታዋም በስልክ ላይ መሆንዋን ነገርዋት። ይህንንም በልብዋ ይዛ ወደ ውስጥ ዘለቀች፤ በዚያም ቀይ፣ ክብ፣ ባለ አንድ እግር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር አየች። በየመስታወቱ ፊት እንዲሁ ያለ ጥንድ ጥንድ ወንበር ነበረ፤ በአንዱ ደንበኛ፣ በአንዱ ሻጭ ፊት ለፊት ይቀመጡበታል። ቀስ ብላም ተቀመጠች። ወንበሩ «ፍስስ» ብሎ ዝቅ አለ፤ አፈ ማርም አብራው ዝቅ አለች፤ ሁለቱ እግሮችዋም ሳይፈረድባቸው ታስረው ኖረው በነጻ እንደ ተለቀቁ ሰዎች ተዘረጉ። ዓይንዋን ጨፈነች። ዞር አለች። እንደገና ዞር አለች። ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ቃል ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እዚያው ቢቀብሩኝም ቅር አይለኝም ነበር።»

በሁለተኛው ዙር ላይ ሳለች ግን ዓይንዋን ከፈተችና ከጎንዋ የተቀመጡትን አንዲት እናት አየች። የልጃቸው ምርቃት ነገ ነበርና የፊታቸውን ቀለም አስቀድመው ሊሞክሩ መጥተዋል። ሻጭዋ ከቆዳቸው ሁለት እጥፍ የሚነጣ ፓውደር አልብሳቸዋለች፤ ሴትዮዋ ከዱቄት ወፍጮ የወጡ መስለው በመስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን ይፈልጉ ነበር።

«በጣም አምሮብዎታል!» አለች ሻጭዋ።

«እውነት?» አሉ እሳቸው፤ እጃቸው ግን ዱቄቱን ከጉንጫቸው ይጠርግ ነበር።

አፈ ማር ዝም ልትል ሞከረች። ሻርፑን እስከ ዓይንዋ ሳበች። ወደ ጣሪያው አየች። መብራቶቹን ተመለከተች። እጆችዋን በታፋዋ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው፤ እጆችዋ ግን እንቢ አሉ። ወደ ሻጭዋ ጠጋ ብላ በዝግታ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ይሄ ቀለም እንደማይሆናቸው አላየሽም?»

«አየሁ እንጂ» አለች ሻጭዋ ድምፅዋን አጥፍታ። «ግን ‹አምሮብዎታል› በሉ ተብለናል። ለሁሉም።»

ያን ጊዜ አፈ ማር ተነሣች። በጥቁር መነጽር ቀለም አይመረጥምና መነጽሩን አወለቀች፤ በሻርፕ ተከናንቦ ብሩሽ አይያዝምና ሻርፑን ጣለች፤ ሰላይነትዋንም ረሳች።

«እናቴ፣ ነገ የሚለብሱት ልብስ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ።»

«ይህንን እናጥፋውና እንደገና እንጀምር። ፈቀዱልኝ?»

ጥጡን አነሣች፤ ዱቄቱን ከፊታቸው አወረደች፤ የቆዳቸው ወገን የሆነውን ፓውደር ከመደርደሪያው አስወረደች፤ ከንፈራቸውንም ወይን ጠጅ ቀባች። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ጉልበታቸው ከጉልበትዋ ጋር ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው፣ ስለ ተመራቂዋ ልጃቸው እየጠየቀች፣ እሳቸውም እየመለሱ ሥራው አለቀ። ሴትዮዋ መስታወቱን አዩ፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔው ነኝ፤ ግን እንቅልፍ የጠገብኩ እኔ።»

ይህንንም ያዩ ሌሎች ደንበኞች ተሰልፈው ቆሙ። አፈ ማርም በዕረፍትዋ ቀን፣ በጠላት አገር፣ ያለ ደመወዝ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ከንፈር ስትቀባ ዋለች፤ ለአንዲቱ «አስቀምጪው»፣ ለአንዲቱ «ይሄ የአክስትሽ ነው»፣ ለሌላዋም «አንቺ ምንም አያስፈልግሽም፤ ውሃ ጠጪ» አለች።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ጥጥ ልታነሣ ዞር ስትል፣ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ነገር አየች። ከበስተኋላዋ፣ በጥጉ ወንበር ላይ፣ ትልቅ ኮፍያ የደፋች፣ የዝናብ ካፖርት እስከ አንገትዋ የቆለፈች፣ ጋዜጣ ገልብጣ ይዛ የምታነብ ሴት ተቀምጣ ነበር። ከካፖርቱም ሥር የምድር ቤታችን ቁልፎች በሙሉ ተንጠልጥለው ነበር።

«እትዬ?» አለች አፈ ማር፤ ብሩሽዋም ከእጅዋ ወደቀ።

«ዝም በይ» አሉ እትዬ መስታወት ከጋዜጣው ጀርባ። «እኔ አይደለሁም።»

«እሺ እትዬ።»

«አንቺም አንቺ አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። እትዬ መስታወት ዙሪያቸውን አዩ፤ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩ፤ አፈ ማርንም አዩ። ከአፋቸውም፣ ከመሾማቸው እስከዚያች ሰዓት ወጥቶ የማያውቅ አዋጅ ወጣ።

«ቁጭ በይ።»

አፈ ማር ተቀመጠች። ወንበርዋ «ፍስስ» አለ። የእትዬ መስታወት ወንበር ግን ቀድሞ እስከ መጨረሻው ወርዶ ነበርና ምንም አላለም።

«እርስዎንም ጠርታዎት ነው?»

«የዚህ ቤት ተቆጣጣሪ ሁኚ ብላኛለች» አሉ። «እግሬን ነው የኔ ልጅ። ጠዋት ስነሣ ደህና ነኝ። እኩለ ቀን ላይ የሰው እግር የያዝኩ ይመስለኛል።»

«እኔ እኮ እርስዎን የሚያምዎት አይመስለኝም ነበር።»

«ብረት መሰልኩሽ እንዴ?»

«ታዲያ ወንበሩን ለምን ከለከሉን?»

እትዬ መስታወት ጋዜጣውን አጣጠፉ፤ እንደገና ዘረጉ፤ እንደገና አጣጠፉ።

«እኔ ቆሜ እናንተ ብትቀመጡ ቅናት ይገድለኛል። እኔ ተቀምጬ እናንተ ብትቆሙ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቆምን። እሱ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ቃሌን ማጠፍ አቃተኝ።»

አፈ ማር ልትስቅ ፈለገች፤ ልታለቅስም ፈለገች፤ ከሁለቱ የቱ እንደ ቀደመ ስጠይቃት ልትነግረኝ አልቻለችም። እንዲህም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው ሳሉ፣ ሳቂታዋ ከስልክዋ ተላቅቃ መጣች። በስውር የጠራቻቸው ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ስታይም ፈገግታዋ፣ ከተማው ሁሉ የማይናወጥ የሚለው ፈገግታ፣ ከፊትዋ ወረደ።

እትዬ መስታወትም ተነሡ፤ ወንበሩን ተደግፈው እንዲህ ሲሉ አወጁ።

«እኔ አልመጣም። እዚህ ብቀመጥ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አሁንም ሁለት ጊዜ ሸለብ አድርጎኛል። ነገ ጠዋት ለኔ ቤት በርጩማ አስመጣለሁ፤ ለየባንኮኒው። ይቺ ልጅ ግን የራስዋን ታውቃለች፤ በመንገድዋ አልቆምም።»

ይህ አዋጅ አፈ ማርን እጅግ አስቸገራት። በዚህም ወንበር፣ በዚያም ወንበር ከሆነ የምትሸሸው ምንድር ነው? ስለዚህ ብሩሽዋን ከወለሉ አንሥታ በጥጥ ጠረገች፤ ንጹሕ ከሆነም በኋላ ጠረገችው። ወደ ተሰለፉትም ሴቶች አየች። በአሮጌው ቤት ሃያ ሰው ይቆምባትና በባንኮኒ ላይ ተንጠራርታ ትቀባለች፤ ፊትን በግማሽ፣ ነገርን በሩብ ታገኛለች። እዚህ ግን ሰውን አስቀምጣ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ አይታለች። ለካ የወንበሩ ነገር ሲጎተጉታት የኖረው ለእግርዋ ብቻ አልነበረም።

«እትዬ፣ ቢቀየሙኝም ልናገር» አለች። «በርጩማው ይምጣ፣ ለእንጥሼ ይሆናል። እኔ ግን የምፈልገው ደንበኛዬ እንድትቀመጥልኝ ነው።»

እትዬ መስታወትም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አፈ ማር ወደ ሳቂታዋ ዞረች፤ አዋጅዋንም በሁሉ ፊት አሰማች።

«እመጣለሁ። ግን ያማረውን አማረ፣ ያላማረውን አላማረም እላለሁ። ስገባም ማንም አይጮህብኝም፣ ሰው ሲገባም አልጮህም። ደግሞ ሽንት ቤቱ ይከፈት።»

ሳቂታዋ ወደ አፈ ማር አየች፤ ወደ ሰልፉም አየች፤ ሰልፉ በሩን አልፎ ነበር።

«‹አምሮብዎታል› ማለት እኮ የቤቱ መለያ ነው» አለች በደከመ ድምፅ።

«እናንተ በሉት። እኔ አልልም።»

ሳቂታዋም ቁልፉን ከኪስዋ አውጥታ በባንኮኒው ላይ አኖረች፤ የውሉ ማኅተም ይህ ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ግን ገና ቀርቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አፈ ማር ሦስት መሐረብ ይዛ ወደ ሽቶው ባንኮኒ ቀረበች፤ አንዱ ለእንጥሼ ማስነጠሻ፣ አንዱ ለእንጥሼ ዕንባ፣ አንዱ ለራስዋ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ። ማዶ ልሄድ ነው።»

እንጥሼ ዓይንዋን አፍጥጣ አየቻት፤ ትንፋሽዋን ሰበሰበች፤ ሁላችንም ትጮሃለች ብለን ጠበቅን።

«ባንኮኒሽንስ?»

«የቱን?»

«የሊፕስቲኩን ነዋ! ለማን ትተሽው ነው? ለኔ በያቸው! ዛሬውኑ ሂጂልኝ! አፍንጫዬ እኮ አለቀ፣ አንቺ ሴት! ስንት ዓመት እሱን ባንኮኒ እያየሁ ስቃጠል፣ አንቺ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

«ቀናሽብኝ ማለት ነው?»

«ቀናሁ እንጂ! ሊፕስቲክ ያስነጥሳል እንዴ?»

ዘንተ ብሂላ አንገትዋን አቀፈቻትና አለቀሰች፤ ወዲያውም አስነጠሰች። ያለቀሰችው ስለ መለያየቱ ይሁን ስለ ሽቶው አላረጋገጥሁም፤ መሐረቦቹ ግን ሦስቱም አልበቁም። ሥራውም ተለዋወጠ፤ ሽቶው አፍንጫው ዓመቱን ሙሉ ለተዘጋበት ለጥፍር ቀለም ሻጩ ተሰጠ፤ እርሱም በሹመቱ ደስ አለው።

አፈ ማር ወደ ማዶው ምድር በይፋ የተሻገረችበት ቀን ሰልፍ እንዲህ ነበረ፦ ከፊት ጎሚስታው ወንድምዋ በአንድ እጁ አሮጌ ጎማ ከፍ አድርጎ መኪኖችን እያስቆመ፤ ቀጥሎ እናትዋ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ራሳቸው የሰፉትን ጋዋን እንደ ካባ ይዘው፤ የሳቂታዋ ጋዋን ብብቱ ጠባብ ነው ብለው ሌላ ሰፍተዋልና፤ በመካከል አፈ ማር ብሩሾችዋን በጫማ ሣጥን ታቅፋ፤ በስተኋላም እንጥሼ በለመደ አፍንጫዋ የመጨረሻውን መለከት እየነፋች። እኔም ደጃፌን ለቅጽበት ትቼ እጄን ዘርግቼ አንድ አውቶቡስ አቆምሁ፤ ሹፌሩ የሰደበኝን ስድብ ግን በዚህ ዜና ውስጥ ማስገባት ተገቢ አልመሰለኝም። እናትዋም ማዶ እንደ ደረሱ በቀጥታ ሽንት ቤቱን አይተው ተመለሱ፤ «ደህና ነው» ብለውም ፈረዱ።

ከዚህም በኋላ ጥቂት ቀኖች አለፉ። በአንድ ቀትር እትዬ መስታወት በደጃፌ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ከብርጭቆው ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ በእጃቸው ጸጥ አሰኙት። አፈ ማር ፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲያሻሽጡ ኖረው በራሳቸው ከንፈር ላይ አንድም ቀን አድርገው አያውቁም ነበር።

«ቀቢኝ» አሉ።

አፈ ማር ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያም ጡብማውን መርጣ ቀባቻቸው። እትዬ መስታወት መስታወቱን አላዩም፤ ይልቁንም የእርስዋን ፊት አዩ።

«እውነቱን ንገሪኝ።»

ሻጮቹ ሁሉ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ሳቂታዋ ከባንኮኒዋ ሆና በአፍዋ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ያን የቤቱን ቃል ደጋገመችላት።

«እትዬ... አላማረብዎትም።»

«አውቄያለሁ!» አሉ እትዬ መስታወት፤ ፊታቸውም በራ። «አጥፊው። ሌላ አምጪ።»

ሮዙ ተሞከረ፣ አልሆነም፤ ወይን ጠጁ ተሞከረ፣ ጥቂት ቀረው፤ ከሮዝ ለጥቂት ያመለጠው፣ ከቡናማ ያልደረሰው፣ ስም የሌለው ቀለም በመጨረሻ ተቀባ። አፈ ማር ወደ ኋላ ብላ አየች። ዓይንዋ ውሃ አቀረረ።

«ይሄ ነው» አለች። «ይሄ አምሮብዎታል እትዬ።»

እትዬ መስታወትም ከንፈራቸውን ቀብተው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው መንገዱን ተመለሱ፤ መኪኖቹ ሳይለመኑ ቆሙላቸው፤ እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ቆቤ ሰድጄ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

እነሆ ይህን የጻፍሁት የሚመጣው ትውልድ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሊፕስቲክ የሚገዛ ዘመን እንኳ ቢነሣ፣ ያነብበው ዘንድ ነው። ክብር ለአፈ ማር ይሁን፤ ለከንፈር ሁሉ ወዳጅ፣ ለእግር ሁሉ ጠበቃ፣ የአውቶቡስ ጭፍራን ለሰነጠቀች፣ የማይናወጠውን ፈገግታ ለገራች፤ ብሩሽዋ አይድረቅ፣ ጥጥዋ አይለቅ፣ ሰልፍዋ ከበሩ አይጉደል፤ በዚህ ከተማ ሁሉ «አላማረብሽም» እያለች የምትወደድ እርስዋ ብቻ ናትና።